የይመር የቁም ስንብት

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቦርከና ማዶ በተተከሉት ረጃጅም ሕንፃዎች የሚኖር ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የሊፍቱ በር ላይ ባለችው ወንፊት መተንፈስ ነው። እፍ ይላል፣ በሩ ይከፈታል። ልጆች ይህን የሚለምዱት ጫማ ማሰር ከመልመዳቸው በፊት ነው፤ ሽማግሌዎቹም ማጉረምረሙን ከተዉት ቆይተዋል። ወንፊቷ የማን ስኳር እንደጨመረ፣ ማን ጉንፋን እንደያዘው፣ ማን ትናንት ጫት ሲቅም እንደዋለ ታውቃለች። ወሬኛ ግን አይደለችም ይባላል፤ የምትናገረው ለሚመለከተው ብቻ ነው።

ይመር አበጋዝ በከተማው ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ተቆጣጣሪ ነበር። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ዘለግ ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሰው ፊት ሲያስነጥስ እንኳ የሚያፍር ሰው። አንድ ቀን ሲያስለው ደም ተፋ። መታጠቢያውን በውኃ አለቀለቀውና ለማንም ትንፍሽ ሳይል ወደ ሥራው ሄደ። ወንፊቷ ግን ሽታውን ይዛዋለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ ለይመር ግራ ነበር። ባለሱቁ ከወረፋው አውጥቶ አስቀደመው። ሊፍት ውስጥ ሰዎች ግድግዳ ተለጥፈው ቦታ ለቀቁለት። የቧንቧ ውኃ ፈሰሰብኝ ብሎ ከተጣላው ወዲህ ሰላም ብሎት የማያውቅ ጎረቤቱ እጁን በሁለት እጁ ይዞ "አብሽር ወንድምዬ" አለው። ይመር ለምን እንደሚያበሽረው ሲጠይቀው ሰውየው ዐይኑን ሰበር አደረገ። ሰው ሁሉ የሰማውን ባለቤቱ መጨረሻ መስማቱ በዚያ ዘመን ነውር አይደለም፤ አሠራሩ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው ቅሬው ነው፤ ሲሞት ተሸክሞ የሚቀብረው የሰፈሩ ማኅበር እሱ ስለሆነ።

ከጤና ጣቢያው ጠሩት። አንድ የብረት ክንድ ደረቱን በመርፌ ወጋው፤ ማሽኑ ከሥጋው የጤፍ ፍሬ የምታህል ቆንጥሮ አየ። ሳንባው ላይ አንድ ትልቅ እጢ አለ፣ ከላይ በኩል ደግሞ ሌላ ትንሽ ጥላ። የማሽኑ ድምፅ ለስለስ ያለ፣ የወሎ ሰው አነጋገር የተማረ ነበር። "ካንሰር ነው፤ ተዛምቷል። አብሽር ይመር" አለው።

ቅሬው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት፣ ድሮ ሥራው መቅበር ብቻ ነበር ይባላል። በኋላ ሰው ማሰብ ጀመረ፤ ለማይሰማ ሬሳ ውዳሴ መደርደር ምን ይረባል፣ ይቅርታስ ከሞተ ሰው ማን ይቀበላል ተባለ። ስለዚህ የለቅሶው ድንኳን ከሞት በፊት ይተከል ጀመር። ማሽኑ የፈረደበት ሰው ራሱ በድንኳኑ መሐል ወንበር ይሰጠውና ስለ እሱ ሲነገር ይሰማል፣ ከሁሉም ጋር አፉ ተባብሎ ይቅር ይባባላል። የቁም ስንብት ይሉታል። ሲያበቃ ተሰናባቹ አንድ ነገር እንዲለምን ይፈቀድለታል። የተለመነ ሰው እምቢ ሲል ተሰምቶ አይታወቅም። ሰዎች የሚለምኑትም እንግዲህ ትንንሽ ነገር ነበር፤ እናቴ አጠገብ ቅበሩኝ፣ ወንድሞቼ ይታረቁ፣ ውሻዬን እንዳታባርሩብኝ።

ይመር በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለ ራሱ የማያውቀውን ብዙ ነገር ሰማ። ደግ ነበር ለካ። ፋብሪካው ውስጥ በእሱ አማላጅነት እንጀራቸው የተረፈ ሰዎች ነበሩ ለካ። ደረቱን ቢጨንቀውም እውነት ለመናገር ደስ ብሎት ነበር፤ እንደዚያ ያለ ደስታ ቀምሶ አያውቅም። የመለመኛው ሰዓት ሲደርስ ተነሥቶ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞረ።

እዚያ ሉባባ ተቀምጣለች። ሚስቱ ናት፤ ኒካው አልፈረሰም፣ ትዳሩ ግን ከፈረሰ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አሣ መጥበስ ስትወድ እሱ የይመር ሚስት አደባባይ ላይ ዘይት ስታንጫጫ ሰው አያያትም አላት። እሷም እሱ በማያያት ቦታ ልትጠብስ ሐይቅ ከተማ ወረደች፣ ከውኃው ዳር የአሣ ቤት ከፈተች። ይመር አንድም ቀን እግሩን አንሥቶ አልሄደም። ወደ ድንኳኑ የመጣችው እንደማንኛውም ሰው ልትሰናበተው ነበር።

"ሉባባ ወደ ቤቷ ትመለስ" አለ ይመር። "እስክሄድ ድረስ ከጎኔ አትለየኝ።"

የድንኳኑ ሰው በሙሉ አንገቱን አዞረ። ሉባባ እጆቿን ስታይ ቆየች፤ ዘይት የረጨባቸው ጠባሳ አለባቸው። ከዚያ "እሺ" አለች። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ይመር ይህን ልመና ሐይቅ ሄዶ በሯ ላይ ቆሞ ለምን እንዳልለመናት ከማንም በላይ ያውቃል። በሯ ላይ ቢሆን እምቢ ማለት ትችል ነበር።

ደሙ ስላልቆመ ደሴ ወስደው ትልቁን እጢ ቆርጠው አወጡለት። ለመዳን አልነበረም፤ በቀረችው ጊዜ እንዳያንቀው ነው። ከሰው ገላ የወጣ ነገር የሰው ዐይን ሳያየው አይጣልም የሚል አንድ አሮጌ ሕግ ግን እንደምንም ተርፎ ነበር። ለዚህ ተብለው የቀሩት፣ የተቆረጠውን የሚመረምሩ ሐኪሞች፣ ፓቶሎጂስቶቹ፣ ጥቂት ናቸው። ደሴ ያለችው ዶክተር ፋናዬ የምትባል፣ በማይክሮስኮፕ ብዛት ጀርባዋ የጎበጠ ሴት ነበረች፤ ሥራዋም ማሽኑ ያለውን አይቶ እሺ ማለት ነው። ሰኞ ዕለት ይመርን ራሷ አስጠራችው። ሉባባ ዕቃዋን ልታመጣ ሐይቅ ሄዳ ስለነበር ብቻውን ደሴ ወጣ።

ዶክተሯ ወንበር ሰጥታው ግድግዳው ላይ ለሁለት የተከፈለ የእጢ ምስል አበራች። የራሱ እጢ መሆኑን ሲያውቅ ዐይኑን ወደ ወለሉ ጣለ።

"አይፈሩ፣ ይዩት" አለችው። "ካንሰር አይደለም።"

ይመር ያልሰማ መስሎት ጎንበስ አለ። እሷ ግን የምትነግረው ሰው ያጣች ሰው ነበረችና አንዴ ከጀመረች አላቆመችም። ዳርቻውን አሳየችው፤ እንደ ሎሚ ድብልብል ብሎ ዙሪያውን ያለውን ሳንባ ገፋ እንጂ አልበላውም። ውስጡ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ጥግ ደም የቋጠረ ነው፣ አንዱ ጥግ እንደ ጠባሳ ደርቋል፣ አንዱ ጥቅጥቅ ብሏል፣ አንዱ ደግሞ በቅጠል በቅጠል ተዘርግቷል። መርፌው የወጋው ቅጠል ቅጠሉን ጥግ ብቻ ነው። ከሳንባ ካንሰሮች አንዱ ልክ እንደዚያ ቅጠል ያወጣል፤ ማሽኑ ቅጠሉን አይቶ ዛፉን ጠራ። በዚያ ላይ ይህ እጢ በብዛት የሚወጣው ሴቶች ላይ ነው፤ ወንድ ላይ ማሽኑ ከቶም አይጠብቀውም። ከላይ ያለው ሁለተኛው ጥላ ደግሞ የልጅነት የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ ነበር። ማሽኑ ሁለቱን አገናኝቶ ተዛምቷል አለ።

ይመር እንዴት እርግጠኛ እንደሆነች ጠየቃት። ሕዋሶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው አለችው፤ ከላይ የሚያለብሱና ከሥር ያሉ ክብ ክቦች። አንደኛውን ማቅለሚያ ስታፈስባቸው ሁለቱም ይቀበሉታል፤ ሌላኛውን ስታፈስ ግን የላይኞቹ ይነከራሉ፣ ክቦቹ በአመዛኙ አይነኩም። ካንሰር ቢሆን አንድ ዓይነት ሕዋስ ያለ ልክ ሲባዛ ይታይ ነበር። እዚህ ግን ሁለቱም ረጋ ብለው ተቀምጠዋል፤ የሚባዛ የለም ማለት ይቻላል።

"ጥጥና ናይለን አንድ በርሜል ውስጥ እንደ መንከር ነው" አለ ይመር። "ቀለሙ ይለያቸዋል።"

ዶክተሯ ሳቀች፤ ሥራውን አላወቀችም ነበርና ከየት እንዳመጣው ጠየቀችው። የእጢውን ስምም ነገረችው፤ ረጅም ነበርና አልያዘውም። የያዘው ከሥሩ ተቆርጦ መውጣቱንና ተመልሶ ይመጣል ተብሎ እንደማይፈራ ነው። "አልሐምዱሊላህ" አለ ጮክ ብሎ። ደስታው ግን ከወንበሩ ተነሥቶ በሩ ጋ እስኪደርስ እንኳ አልቆየም። ሉባባ ትዝ አለችው።

"ለቅሬዬ እናንተ ትነግሩልኛላችሁ?" አላት።

"አንነግርም" አለች ዶክተሯ። "ሕጉ አሳውቁ የሚለን የሚሞተውን ነው። ለሚድን ሰው የተጻፈ ነገር የለም፤ ማሽኑም ታማሚው ራሱ ሳያዘው ቃሉን አይለውጥም። እርስዎ ራስዎ ይንገሩ።"

የሐረጎን ቁልቁለት እየወረደ በመኪናው መስኮት ሥር ሆኖ ንግግሩን አዘጋጀ። ሉባባ፣ ደስ ይበልሽ ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው አልመጣለትም። አልታመምኩም ካላት ትሄዳለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሰፈሩ ሲደርስ ወንፊቷ ትንፋሹን ሳትጠብቅ "አብሽር ይመር" ብላ በሩን ከፈተችለት። ሁለት ጎረምሶች ሊሸከሙለት ቦርሳውን ከእጁ ነጠቁ። ቤቱ ሲገባ መጋረጃው ታጥቦ ተሰቅሏል፣ ሉባባ አጥሚት እያማሰለች ነው። ሐኪሞቹ ምን አሉህ ብላ ጠየቀችው።

"ቁስሉን አዩት" አላት።

ይህ ውሸት አይደለም ብሎ ራሱን አጽናና። አጥሚቱን ጠጣ። ጣፋጭ ነበር።

ማክሰኞ ሉባባ ሐይቅ አብሯት እንዲሄድ ጠየቀችው። የውኃ ዳር ቦታ ተዘግቶ ከከረመ ለሌላ ይሰጣል፤ እሷ ደግሞ ከእንግዲህ እዚያም እዚህም መሆን አልችልም፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ አለች። የአሣ ቤቷን ለአንድ የውጫሌ ሰው ልትሸጥ ነው፤ ባል ያላት ሴት ንብረት ስትሸጥ ደግሞ ባል መገኘት አለበት። ይመር አመመኝ ማለት ይችል ነበር፤ ማንም አይጠራጠረውም። ቆይ እንጂ ማለትም ይችል ነበር። ሁለቱንም ሳይል ጃኬቱን ለበሰ።

የሚስቱን ቤት ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሰማያዊ የተቀቡ አግዳሚ ወንበሮች፣ ከቆርቆሮው ሥር የተሰቀሉ መረቦች፣ ከፊት ለፊት ውኃው። አሣ አስጋሪዎቹ "እት ሉባ" እያሉ ይጠሯታል፤ ስትመልስላቸው ድምፅዋ ቤት ውስጥ ከሚያውቀው ይሰፋል። በኮምቦልቻ እየፈራ የደበቃት ሴት እዚህ የአገሩ ሁሉ ሰው ናት። ገዢው እየጠበቃት ትልቁን መጥበሻ በአመድ ፈተገችው፣ ደግማ አጠበችው፣ ገልብጣ አየችው። ለምንድን ነው የምትደክሚው ሲላት ሰውየው፣ ዕቃ ሳይታጠብ አይሰጥም አለችው። ይመር አጠገቧ ቆሞ ውኃውን ያያል።

ሽያጩን የምትመዘግበው ማሽን ባል ነህ አለችው፤ ነኝ አላት። ትስማማለህ አለችው፤ እስማማለሁ አላት። ፊትህን አሳየኝ አለችው። ማንም ፊቱን ባላየው ብሎ የተመኘው በዚያች ቅጽበት ነበር፤ ማሽኗ የፈለገችው ደግሞ እሱኑ ነው። ቀና አለ። ማሽኗ አመሰገነችው።

በመመለሻው ሉባባ መኪና ውስጥ ትከሻው ላይ ተኝታ መጣች። ነገ እነግራታለሁ አለ በሆዱ። በማግሥቱ የሰፈሩ ወንዶች ፀሐይ እንዲሞቅ ብለው በወንበር ተሸክመው አወረዱት። በገዛ እግሩ መሄድ የሚችል ሰው፣ ሥራቸውን ጥለው በመጡ ሰዎች ትከሻ ላይ ሆኖ አደባባዩን ዞረ። አንዱ ተሸካሚ ወገቡን ያመው ነበርና በየእርምጃው ያቃስታል። ይመር ዐይኑን ጨፈነ፤ ሰዎቹ ሕመሙ የጠናበት መስሏቸው ቀስ ብለው ሄዱ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም፤ ያም ሆኖ አልወርድም አላለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሉባባ ነጭ ጨርቅ በትከሻዋ ጥላ ገባች።

"ቀጥ ብለህ ቁምልኝ" አለችው።

ቆመላት። ከአናቱ ጀምራ በክንዷ ስትለካው ምን እንደሆነ ገባው፤ የሚቀበርበት ከፈኑ ነው። ጨርቁን ከእናንተው ፋብሪካ አስመጣሁት፣ ማቅለሚያ ሳይገባ ለምኜ ነው፣ እስቲ ንካው፣ አይሻክርም አይደል አለችው። ድምፅዋ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀች ነበር። ተንበርክካ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ስትደርስ ይመር ከዚያ በላይ መቆም አቃተው።

"ሉባባ፣ አልሞትም" አላት።

"አብሽር፤ አላህ ያውቃል።"

"እንደሱ አይደለም። ካንሰር አይደለም ብላኛለች ሐኪሟ። ቆርጠው አውጥተውታል፣ አልቋል።"

ሉባባ እንደተንበረከከች ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ እያለች ጉልበቱን አቅፋ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ደግሞ አለቀሰች። ደስታዋ ውስጥ አንዲት ጥርጣሬ እንኳ አልነበረችም፤ አንድ ሰው ከሞት ስለተረፈ ብቻ የምትደሰት ሴት ደስታ ነው። ይመርን ያቃጠለው ይኼ ነው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ፊቷን በጨርቁ ጫፍ ጠራረገች።

"መቼ ነገረችህ?"

ዛሬ ማለት በአፉ ሞልቶ ነበር።

"ሰኞ" አላት።

ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የሄደው። "ማክሰኞ ሐይቅ ነበርን" አለች።

"ነበርን።"

"መጥበሻዬን ሳጥብ አጠገቤ ቆመህ ነበር።"

"ቆሜ ነበር።"

"ምን ብለህ ነው?"

"ትሄጃለሽ ብዬ ነው" አላት።

ሉባባ ጨርቁን ማጠፍ ጀመረች። "አንድ ቀን እንኳ ሐይቅ መጥተህ ብትጠይቀኝ ኖሮ" አለች፤ አልጨረሰችውም። አልጮኸችበትም፣ አልተራገመችም። ነገ ከጁምዓ በኋላ ቅሬው ስለሚሰበሰብ ራስህ ቆመህ ትነግራቸዋለህ፣ ሰዎቹ ብዙ ደክመውልሃል ብላው ወደ ጓዳ ገባች።

አርብ ድንኳኑ ሞላ። ይመር ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፤ ቆሞ፣ እጢው ገዳይ እንዳልነበረ፣ ማሽኑ ከጥግ በቆነጠራት እንደተሳሳተ፣ እንደሚድን ተናገረ። የቁም ስንብት ተደርጎለት የተመለሰ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ከዚያ እልልታው ድንኳኑን ነቀነቀው። ወገቡን የሚያመው ሰውዬ ሳይቀር ተነሥቶ ዘለለ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አራጋው፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ዘርግተው ሰዉን ጸጥ አሰኙ።

"እንኳን ማረህ ልጄ" አሉት። "እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን አያውቅም፤ ደንብ ልናበጅለት ነው። ወሬው እንደደረሰ ለቅሬው ይነገር እንበል ይሆናል፤ ሰው በከንቱ እንዳይደክም፣ ተለማኙም እንዳይጎዳ። እና አንተ መቼ ሰማኸው?"

ይመር መሬት መሬቱን አየ። ፊቱ ጋለ፤ የፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ሕመሙ የተነሣበት መስሏቸው ውኃ ሊሰጡት ተንጠራሩ። ጋሽ አራጋው ጥያቄያቸውን ሊደግሙ ሲሉ ከሴቶቹ በኩል ሉባባ ተነሣች።

"ዛሬ ነው ጋሼ" አለች። "ዛሬ ጠዋት ነው የሰማነው።"

ይህን ብላ ወዲያው አልተቀመጠችም። ይመርን አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እየጠበቀችው ነበር። ሸፍናዋለች፤ ልብሱን ልግለጥ ካለ ግን በእጁ ነው። ሰኞ ነው፣ ሚስቴ ቤቷን ስትሸጥ አውቄ ዝም ብያታለሁ ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ጋሽ አራጋውም ወደ እሱ ዞረው ይጠብቃሉ።

"አዎ" አለ ይመር። "ዛሬ ጠዋት ነው።"

እልልታው እንደገና ተነሣ። ሰዎቹ ተግተልትለው መጥተው ያቅፉት፣ ግንባሩን ይስሙት ጀመር። በትከሻቸው መሐል ሉባባ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ብብቷ ሥር ይዛ፣ የሐይቅ መኪና ወደሚቆምበት አቅጣጫ ስትሄድ አያት። እዚያ ስትደርስ የምትከፍተው በር እንደሌላት ያውቃል። ሊጠራት አፉን ከፈተ፣ በዚያው ቅጽበት አንዱ ጎረቤት አንገቱ ላይ ተጠመጠመና እንኳን ለዚህ አበቃህ አለው።

"አሜን" አለው ይመር፤ ቀጥሎ ለመጣውም፣ ከእሱ ቀጥሎ ለመጣውም አሜን አለ።